ምዕራፍ 7፦ ያለቀው ውልና የማያልቀው

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ብለው ስልካቸውን ከስኒው አጠገብ አስቀመጡልኝ። እሑድ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፤ ቡናው ከአቦል አልፎ ቶና ላይ ደርሷል። ባለስልኳ በሕንፃችን ልጅ አዋቂው «እትዬ» የሚላቸው ጎረቤቴ ናቸው። መልእክቱ የመጣው ከስልክ ካምፓኒያቸው ነው፤ የስልክዎ ክፍያ ተጠናቋል፣ አዲስ ስልክ መውሰድ ይችላሉ ይላል። በ36 ወር ክፍያ የወሰዱት አይፎን 13 የራሳቸው ሆነ ማለት ነው። ይህንኑ አስረዳኋቸው። እትዬ ግን አሜሪካ በኖሩባቸው ዓመታት ከካምፓኒ የሚመጣ ደብዳቤ ደግ ወሬ ይዞላቸው መጥቶ አያውቅምና፣ «ታዲያ ሊወስዱብኝ ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ። «እማማ፣ እድለኛ ነዎት፤ ይሄን አዲሱን አንድሮይድ በነፃ እንሰጥዎታለን» አላቸው። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «የቱ ይሻለኛል? ይሄ የያዝኩት ወይስ ያ?»

አፌ ተያዘ። ስለ ስልክ መጽሐፍ እየጻፍኩ፣ ስለ ስልክ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ መመለስ አቃተኝ። ይህ ምዕራፍ ያን ቀን ልላቸው ይገባኝ የነበረው ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው፣ እትዬ አንድ ውል የጨረሱ ቢመስላቸውም የገቡት ሁለት ውል መሆኑ ነው። አንደኛው ከስልክ ካምፓኒው ጋር የተፈራረሙት ነው፤ ቀን አለው፣ ዋጋ አለው፣ ወረቀት አለው። ሁለተኛውን የፈረሙት ስልኩን መጀመሪያ የከፈቱ ዕለት «እስማማለሁ» የምትለዋን ቃል በጣታቸው ሲነኩ ነው። ይሄኛው አይፎን ለያዘ ከአፕል ጋር፣ አንድሮይድ ለያዘ ከጎግል ጋር የሚገባ ውል ነው፤ የሚያበቃበት ቀንም የለውም። የመጀመሪያው ሲያልቅ መልእክት ይመጣል። የሁለተኛው መኖር የሚታወቀው ሰው ልውጣ ሲል ነው።

በቀላሉ፣ በወረቀቱ እንጀምር። (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው አይፎን በጁን 2007 ሲሸጥ 499 እና 599 ዶላር ነበር፤ በዚያ ላይ ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር የሁለት ዓመት ውል ግዴታ ነው። በዓመቱ የመጣው አይፎን 3ጂ በ199 ዶላር ተሸጠ። ሕዝቡ ስልክ ረከሰ ብሎ ተሰለፈ። ስልኩ ግን አልረከሰም። ልዩነቱን ለአፕል የከፈለው የስልክ ካምፓኒው ነው፤ እርሱ ደግሞ በ24 ወር ቢል ውስጥ አስገብቶ ከደንበኛው ይለቅመዋል። 24 ወር ሳይሞላ ልውጣ ላለ ቅጣት ተዘጋጅቶለታል፤ ቬራይዘን ከኖቬምበር 2009 ጀምሮ ቅጣቱን ለስማርት ስልክ 350 ዶላር አደረገው፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በተከታዩ ዓመት 325።

የዚህ አሠራር ብልሃቱ ያለው በ25ኛው ወር ላይ ነው። የስልኩ ዋጋ ተከፍሎ አልቋል፤ ቢሉ ግን አንድ ዶላር እንኳ አይቀንስም። ስለዚህ ደህና ስልክ ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሌለ ዕዳ መክፈሉን ይቀጥላል። አዲስ ስልክ አለመውሰድ ገንዘብ መጣል ሆነ። አንድ አገር ሙሉ ሰው በየሁለት ዓመቱ ስልክ መቀየር የለመደው እንዲህ ነው፤ ልማዱ ውሉ ከተለወጠ በኋላም አልለቀቀውም። ቲ-ሞባይል በማርች 2013 የስልኩን ክፍያ ከአገልግሎቱ ክፍያ ለየ፤ ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2016 መጀመሪያ የሁለት ዓመቱን ውል ተዉት።

ዛሬ የቀረው የወር ክፍያና «በነፃ» የምትባለዋ ቃል ናት። ልጁ በነፃ ያላቸው ስልክ 800 ዶላር ነው እንበል። ለ36 ሲካፈል በወር 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም ይመጣል። ካምፓኒው በየወሩ ይህን ያስከፍልና በዚያው ቢል ላይ ያንኑ ያህል ክሬዲት ይመልሳል። ደንበኛው በ20ኛው ወር ወደ ሌላ ካምፓኒ ልሂድ ቢል ክሬዲቱ ይቆማል፤ የቀረው የ16 ወር ዕዳ፣ 355 ዶላር ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ክሬዲቱን ለማግኘት ወደ ውድ ፕላን መዛወር ይጠየቃል። ስልኩ ነፃ ነው፤ ነፃ ያልሆነው ሰውየው ነው። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ አልዋሸንም፣ ግማሹን ነው ያልነገረን።

አሁን ወደማያልቀው ውል።

ኪራይ ቤት የኖረ ሰው ቤት መልቀቅ ያውቃል። ፒካፕ ይጠራል፤ አልጋው፣ ምጣዱ፣ ቁም ሳጥኑ ተጭኖ ይሄዳል። ስልክ ውስጥ ያለው ቤት ግን ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ፎቶና ስም ዝርዝር ዛሬ በቀላሉ ይሻገራል፤ አፕልም ጎግልም ከተፎካካሪያቸው ቤት ዕቃ አውጥቶ የሚያመጣ መሣሪያ ሠርተዋል፣ ምክንያቱም መጪ እንግዳ ይፈልጋሉ። ከአፕል መደብር በገንዘብ የተገዛ መተግበሪያ ግን ጎግል መደብር ላይ እንደገና ይገዛል። የዋትስአፕ የዓመታት ጭውውት እንኳ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በወጉ መጓዝ የጀመረው ከ2021 ወዲህ ነው። ኢንጂነሮቹ ይህን ቤት ፕላትፎርም ይሉታል።

ቤቱ ራሱስ ቢፈርስ? ሁለት ቤት ብቻ የቀረው ሌሎቹ ስለፈረሱ ነው። ኤች ፒ በ2010 ፓልምን ከነሲስተሙ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ላይ ስልክ መሥራቱን ተወው። ከሁሉም የማልረሳው ግን የኖኪያ ሉሚያ 900 ታሪክ ነው፤ ውል ሲያልቅ ምን መፍራት እንዳለብን ከእርሱ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ኖኪያ የራሱን ሲስተም ትቶ በ2011 ከማይክሮሶፍት ጋር ተጣምሯል። ኤፕሪል 8 ቀን 2012፣ የፈረንጆቹ ፋሲካ እሑድ (የእኛው በሳምንቱ ነበር)፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ሉሚያ 900ን በ99 ዶላር ከ99 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ፤ እንደ ወጉ በሁለት ዓመት ውል። ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ነበረው፤ ቀለሙ የተቀባ ሳይሆን ፕላስቲኩ ራሱ ስለሆነ ቢፋቅም ከሥሩ ያው ሰማያዊ ነው። ስክሪኑ ላይ እንደ ሸክላ ንጣፍ የተደረደሩ አራት ማዕዘኖች ይገላበጣሉ። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ስልኮች መልኩ የማረከኝ እርሱ ነው። ጁን 20 ቀን ማይክሮሶፍት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዊንዶውስ ፎን 8ን አስተዋወቀ። አዲሱ ሲስተም የተሠራው በሌላ መሠረት፣ የኮምፒውተሩ ዊንዶውስ በቆመበት መሠረት ላይ ስለሆነ፣ ነባሮቹ ስልኮች ወደ እርሱ አያድጉም ተባለ። ሉሚያ 900ም ጭምር። ከሽያጩ እስከዚያ ቀን 73 ቀን ነው። ፋሲካ ዕለት የገዛ ሰው ወደፊት ለሌለው ቤት ገና ከ21 ወር በላይ ይከፍላል።

ዊንዶውስ ፎንን በመጨረሻ የገደለው ግን ያ ውሳኔ ብቻ አይደለም። መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች «ሕዝብ የለበትም» ብለው አልመጡም፤ ሕዝቡም «መተግበሪያ የለበትም» ብሎ አልመጣም። ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ሥራ በ2014 ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ፤ በ2015 7.6 ቢሊዮኑን ከመዝገቡ እንደ ኪሣራ ሰረዘ። ዋትስአፕ በዲሴምበር 31 ቀን 2019 ከዊንዶውስ ስልኮች ላይ ወጣ። በጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ደግሞ ብላክቤሪ የድሮ ስልኮቹን አገልግሎት ዘጋ፤ ያን ያህል የተፈራና የተከበረ ስልክ ከዚያ ቀን ወዲህ መደወሉ እንኳ ዋስትና የለውም።

አይፎንም አንድሮይድም ነገ አይፈርሱም። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄው የጎረቤት ነው፦ ከማን ጋር ነው የምናወራው?

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ በቀለም ነው የሚመለሰው። ከአይፎን ወደ አይፎን የሚሄድ መልእክት ሰማያዊ ነው፤ ወደ አንድሮይድ የሚሄደው አረንጓዴ። ቀለሙ ተራ ነገር ቢመስልም ለዓመታት አረንጓዴው ፎቶ አደብዝዞ፣ ቪዲዮ ጨምድዶ ሲልክ ኖሯል። የእትዬ የልጅ ልጆች ቨርጂኒያ ትምህርት ቤት ነው የሚውሉት፤ በእነርሱ ግሩፕ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ሰው መግባት ማለት በሰርግ ቤት ጫማውን ረስቶ እንደመጣ መቆጠር ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ኤፒክ ጌምስ አፕልን በከሰሰበት የ2021 ችሎት የወጡ ደብዳቤዎች አሳይተውናል፤ የአፕሉ ክሬግ ፌደሪጊ በ2013 አይሜሴጅ የተባለውን የመልእክት መተግበሪያ ለአንድሮይድ መስጠት አይፎን የያዙ ወላጆች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይገዙ የያዛቸውን እንቅፋት ማንሳት ነው የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ አንድ ሰው መድረክ ላይ ለነበረው ለአፕሉ አለቃ ለቲም ኩክ እናቱ የሚልክላትን ቪዲዮ በወጉ ማየት እንደማትችል ነገረው። የኩክ መልስ ለእናትህ አይፎን ግዛላት የሚል ነበር። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን እናቱ አገር ቤት ያለች ሰው በዚያ የሚስቅ አይመስለኝም። ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ አይፎን አርሲኤስ የሚባለውን አዲስ የመልእክት ዘዴ ስለተቀበለ ቪዲዮው አይጨመደድም። ቀለሙ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ቤተሰብ ከአሜሪካኑ ይለያል፤ ለበጎ ነው የሚለየው። የእትዬ ታናሽ እህት ደሴ ናት፤ የያዘችው ቴክኖ ነው። አንድ ወንድማቸው ሪያድ ነው፣ ሳምሰንግ ይዟል። ሦስቱ የሚገናኙት በዋትስአፕ ነው፤ ኔትወርክ ሲደክም ኢሞ ይሞከራል፤ የዕድሩ ግሩፕ ቫይበር ላይ ነው፤ ስብከቱ፣ ዜናው፣ መጽሐፉ ሁሉ ቴሌግራም። የአንዱ ደሞዝ የሚገዛው ስልክ ከሌላው ስለማይመሳሰል፣ ገና ከጅምሩ በየትኛውም ስልክ ላይ በሚሠራ መተግበሪያ መገናኘት ግድ ሆነብን። አፕል በሰማያዊው ቀለም ያጠረውን አጥር እኛ ሳናውቀው ዘለነው። ስለዚህ እትዬ ዛሬ ወደ አንድሮይድ ቢዛወሩ የሚቀርባቸው የልጅ ልጆቻቸው ግሩፕና የአፕል ቪዲዮ ጥሪ፣ ፌስታይም፣ ነው፤ ደሴና ሪያድ ለውጡን ልብ አይሉትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከአይፎን የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት አይሜሴጅን መዝጋት አለበት። ሳይዘጋ ከወጣ ቁጥሩ አሮጌው ቤት ተመዝግቦ ይቀርና መልእክቱ ወደማይኖርበት አድራሻ ሲሄድ ይከርማል። ስልኩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ቁጥሩን ማውጫ ገጽ አፕል ያዘጋጀው በኖቬምበር 2014 ነው።

ስለ ፊደላችንም ሰዎች ይጠይቁኛል። በአንድ ወቅት ወሳኝ ጥያቄ ነበር። አንድሮይድ በሌላ ሰው የተሠራ ኪቦርድ መጫን የፈቀደው በ2009 ነው፤ አይፎን እስከ ሴፕቴምበር 2014፣ እስከ አይኦኤስ 8 ድረስ አልፈቀደም። እስከዚያ ድረስ አይፎን የያዘ ሰው አማርኛውን በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ጽፎ፣ ኮፒ አድርጎ፣ መልእክቱ ውስጥ ይለጥፍ ነበር። አንድ «እንኳን አደረሰህ» ለመላክ ይህ ሁሉ። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች ደግሞ ኪቦርዱን ይቀበሉና ፊደሉን ባዶ ሣጥን ባዶ ሣጥን አድርገው ያሳዩት ነበር። ዛሬ በሁለቱም ቤት አማርኛ ይጻፋል። ብቻ የጣት ልማድ ይለያያልና፣ ሱቅ ስትገቡ ከመፈረማችሁ በፊት በስልኩ ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉ፤ «ጸ» እና «ቧ» የት እንዳሉ ፈልጉ። ካሜራውን ሁሉም ሰው ይሞክራል፤ ኪቦርዱን የሚሞክር ግን አላየሁም፣ በቀን መቶ ጊዜ የሚነካው እርሱ ሆኖ ሳለ።

ከዋጋውም ከቀለሙም በላይ እኔ የማየው ዕድሜን ነው። ስልክ የሚያረጀው መስታወቱ ሲሰነጠቅ አይደለም፤ ሠሪው የደህንነት ማሻሻያ መላክ ያቆመ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የባንክ መተግበሪያዎች አንድ በአንድ ፊት ይነሱታል። አይፎን በዚህ ረገድ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ይመራ ነበር፤ በ2025 የወጣው ሲስተም በ2019 በተሠራው አይፎን 11 ላይ ይሠራል። አንድሮይድ ዘግይቶ ነቃ። ጎግል በኦክቶበር 2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በጃንዋሪ 2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገቡ። በርካሾቹ አንድሮይዶች ላይ ግን ቃሉ ከዚህ በጣም ያጥራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ቃል የለውም። አውሮፓ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፤ ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ የሚቀርብ ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሲስተም ማሻሻያ እንዲያገኝ ሕጉ ያስገድዳል።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ ይኸውና። ውል ያለቀ ቀን ከሁሉ የሚሻለው ስልክ ክፍያው ያለቀው ስልክ ነው። ማሻሻያ እየመጣለት ከሆነ ያዙት። መቀየር ግድ ከሆነ፣ ያላችሁበት ቤት ውስጥ ቆዩ፤ የቤት ለውጥ ድካሙ አንድ ካሜራ ከሌላው በሚበልጥበት ልዩነት አይካስም። ቤት ለመቀየር በቂ ምክንያት ብዬ የምቀበለው ሁለት ብቻ ነው፦ አብረዋችሁ የሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ሌላኛው ቤት ከሆኑ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ከፍላችሁ የምትገዙ ሆናችሁ በግማሽ ዋጋ የረጅም ዘመን ማሻሻያ ቃል ያለው አንድሮይድ ካገኛችሁ።

እትዬ ይህን ሁሉ ሳልነግራቸው ደረሱበት። ልጁ የ«ነፃ»ውን ስልክ መልካም ጎን ዘርዝሮ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙትና፣ «ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለውት ቦርሳቸውን አነሱ። ልጁም ሳቀ። ከዚያ ወጥተን ባትሪውን 100 ዶላር ባልሞላ ዋጋ አስቀየርንላቸው። በወሩ የስልኩ ክፍያ ከቢላቸው ላይ ወርዶ ሲያዩ ደውለውልኝ «ተሳስተው ይሆን?» አሉኝ።

ያ አይፎን ግን አንድ ቀን ደሴ ይሄዳል። የዚህ አገር ስልኮቻችን መጨረሻ ያው ነው፤ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልለው። ስለዚህ ውል አልቆ ስልክ ሲመረጥ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ወራሹ። ክፍያው ያላለቀ ስልክ ብዙ ጊዜ ለካምፓኒው እንደተቆለፈ ነውና የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም አይቀበልም። ይህን ቁልፍ ክፍያው ሲያልቅ ካምፓኒው ይከፍተዋል። የከፋው ሌላኛው ቁልፍ፣ የአካውንቱ ነው። በአይፎን ከ2013፣ በአንድሮይድ ከ2015 ጀምሮ፣ ሌባ እንዳይጠቀምበት ተብሎ፣ ስልኩ ከአካውንቱ ሳይወጣ ተሰርዞ ሲከፈት የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

እኔ ለወንድሜ ልጅ ስልክ የላክሁት ይህን ሳላስብ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ስትከፍተው የማላስታውሰውን የይለፍ ቃል ጠየቃት፤ ማስታወሻው የሚመጣበትን የኢሜይል አድራሻ ዘግቼዋለሁ፣ የስልክ ቁጥሩንም ለውጫለሁ። ሦስት ቀን በሁለት አህጉር ቁጥር ስንለዋወጥ ሰነበትን። መገናኛ ያለ ጥገና ቤት ወሰደችው፤ ሠራተኛው አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ለመለዋወጫ ከሆነ እገዛዋለሁ» አላት። አልሸጠችውም፤ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

እባካችሁ፣ ስልኩን ከመሰረዛችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከአካውንታችሁ ውጡ። ከዚያ ሰርዙት፤ እንደገና ክፈቱት፤ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ «ሄሎ» ብሎ ሲቀበላችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ ለመንገደኛው ስጡት።